ድምፅ ሲዘጋ፦ ሐኪም ምን ይጠይቃል? ምንስ ይመረምራል?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ብዙ ሰው እንደ በሽታ ስለማይቆጥረው ስለ ድምፅ መዘጋት እንመለከታለን። ድምፁ የተዘጋ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ምን እንደሚጠየቅና በምን መሣሪያ እንደሚመረመር ማወቅ ለታማሚው ድፍረት ይሰጣል። ለበጎ ፈቃደኞቻችን ደግሞ ማንን ቶሎ ወደ ክሊኒክ መላክ እንዳለባቸው ያሳያል።

በመጀመሪያ ከራሴ ስህተት ልጀምር። በ2019 እ.ኤ.አ. ካርቱም ውስጥ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ በነርስነት እሠራ ነበር። አንዲት ሻይ ሻጭ እኅታችን ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። ካርቱም የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው የሻይ ሥራ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ በከሰል ጭስ፣ በአቧራና በመኪና ጩኸት መካከል ተቀምጦ ደንበኛ ማስተናገድ ነው። ስለዚህ «ጭሱ ነው፣ ብርድም መትቶሻል» ብዬ አሞክሲሲሊን ሰጠኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳይሻላት ተመለሰች፤ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሰጠኋት። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው እያለቀሰች ነው። ጎንደር ያሉት እናቷ በስልክ ድምፅዋን ሲሰሙ «አንቺ ማነሽ? ልጄን አቅርቢልኝ» አሏት። እኔ ነኝ ብትላቸውም አላመኑም። ልጃቸው ሞታ መርዶው የተደበቀ መስሏቸው ጎረቤት ሰብስበው ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ አድርጌ የጠየቅኳት። ድምፅዋ ከተዘጋ አምስት ወር አልፎታል። ሳል አላት፣ ማታ ማታ ያልባታል፣ ልብሷም ሰፍቷታል። አክታዋ ሲመረመር ቲቢ ተገኘ። ከአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮዋን ሲያይ ደግሞ በሽታው ማንቁርቷ ድረስ መድረሱ ታወቀ። የስድስት ወር መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ጨረሰች፤ ድምፅዋም ተመለሰ። ነገር ግን በእነዚያ ወራት አንድ ክፍል ውስጥ አብረዋት የሚያድሩ አራት ሴቶች ነበሩ። ከእነሱም አንዷ በዚሁ በሽታ ታመመች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ስሰጣት አንድ ጊዜም በደንብ አልጠየቅኳትም። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀውም ሌላ ሰው ይህን ስህተት እንዳይደግመው ነው።

ድምፅ እንዴት ይፈጠራል?

እጅዎን አንገትዎ ፊት ለፊት ላይ አድርገው «እምምም» ይበሉ። ከጣትዎ ሥር የሚንቀጠቀጠው ማንቁርት ይባላል። በውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ስንናገር ይገጥማሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ድምፅ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። በአዋቂ ወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይንቀጠቀጣሉ። በሴት 200 ጊዜ ያህል ሲሆን በሕፃናት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አንደበት፣ ምላስና ከንፈር ይህን ድምፅ ወደ ቃል ይለውጡታል።

ስለዚህ ድምፅ እንዲስተካከል አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነሱም ከሳንባ በቂ አየር መምጣቱ፣ አውታሮቹ ለስላሳና እርጥብ መሆናቸው፣ በደንብ መግጠማቸው፣ እንዲሁም የሚያዛቸው ነርቭ ጤነኛ መሆኑ ነው። ሐኪሙ በምርመራው ሁሉ የሚፈልገው ከአራቱ የትኛው እንደተበላሸ ነው።

አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በቀጥታ ከአንጎል ወደ ጉሮሮ አይመጣም። የግራው ነርቭ ወደ ደረት ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ በደረት ውስጥ ያለ እብጠት ወይም የሳንባ ካንሰር ነርቩን ተጭኖ ድምፅን ሊያሰልለው ይችላል። ሐኪሙ ስለ ድምፅ ያማከረውን ሰው የደረት ራጅ ተነሣ ቢለው እንግዲህ ምክንያቱ ይህ ነው።

ድምፅ የሚዘጋው በምን ምክንያት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ጉንፋን ነው። ይህ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያድነውም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ድምፅን ከመጠን በላይ መጠቀም ነው። መምህራን፣ በገበያ የሚጣሩ ነጋዴዎች፣ ዘማርያን፣ አዛን የሚያደርጉ ሰዎች፣ ብዙ ልጆች ያሏቸው እናቶች በዚህ ይጠቃሉ። አውታሮቹ ዘወትር ሲጋጩ፣ መጥረቢያ በሚይዝ ሰው መዳፍ ላይ እንደሚወጣው ደንዳና ቆዳ ያለ ትንሽ እብጠት ይበቅልባቸዋል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የከሰልና የማገዶ ጭስ፣ ሐቡብ የሚያመጣው አቧራ፣ ሲጋራና ሺሻ፣ ወደ ጉሮሮ የሚመለስ የጨጓራ አሲድ ማለትም ቃር፣ የእንቅርት በሽታ፣ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጊዜ የተጎዳ ነርቭ፣ ቲቢና የማንቁርት ካንሰር ይገኙበታል። በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት የሚጠቀም ሰውም ከተጠቀመ በኋላ አፉን ካልተጉመጠመጠ ድምፁ ሊሻክር ይችላል።

በመጨረሻም ጉሮሮው ምንም ሳይሆን ድምፁ የሚጠፋ ሰው አለ። ይህም ከከባድ ድንጋጤ ወይም ከኀዘን በኋላ ይደርሳል። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከካርቱም በጥይት መካከል ወጥተን ለመጣን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ሲያወራ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሲያስል ወይም ሲስቅ ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህ ለሐኪሙ አውታሮቹ መግጠም እንደሚችሉ ያመለክተዋል፤ ሆኖም ጉሮሮው ሳይታይ «ድንጋጤ ነው» ተብሎ አይወሰንም። ሰውየው እያስመሰለ አይደለም፣ መሳቂያም ሊሆን አይገባውም። በምክርና በድምፅ ልምምድ ብዙዎቹ ይድናሉ።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ

1ኛ. ጥያቄ

ጥሩ ሐኪም መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታ ማታ ይብሳል? ጠዋት የሚብስ ከሆነ ቃር ሊሆን ይችላል፤ ሲናገሩ ውለው ማታ የሚብስ ከሆነ ድምፅን ከመጠን በላይ መጠቀም ሊሆን ይችላል። ሥራዎ ምንድን ነው? ያጨሳሉ? አረቄ ይጠጣሉ? ሳል፣ ደም፣ ክብደት መቀነስ፣ የመዋጥ ችግር አለ? በቅርቡ በአንገትዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል? በሆስፒታል ተኝተው የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶልዎት ነበር? እነዚህን ለመመለስ ማፈር አያስፈልግም። ሲጋራውን ወይም አረቄውን የደበቀ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው።

2ኛ. ማዳመጥ

ቀጥሎ ሐኪሙ ያዳምጣል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት፣ በጃፓን ሐኪሞች የተዘጋጀ መለኪያ አለ። አምስት ነገሮችን ይመዝናል፦ በጠቅላላው ድምፁ ምን ያህል እንደተበላሸ፣ ምን ያህል እንደሻከረ፣ ምን ያህል አየር እንደሚያፈስ፣ ምን ያህል እንደሰለለ፣ እንዲሁም ሰውየው ለመናገር ምን ያህል እንደሚጨነቅ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። 0 ጤናማ ሲሆን 3 በጣም የተበላሸ ማለት ነው። ከሕክምናው በኋላ በድጋሚ ሲመዘን መሻሻሉ ይታወቃል።

3ኛ. በሰዓት መለካት

ይህ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በደንብ አየር ይሳቡና «አአአ» ብለው በተለመደው ድምፅ እስከቻሉት ድረስ ይቀጥሉ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ረጅሙ ይያዛል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሰከንድ ይቆያል። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ወይ የሳንባ አየር አንሷል፣ ወይ አውታሮቹ በደንብ አልገጠሙም።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሌላ ዘዴ አለ። በመጀመሪያ «ስስስ» እስከቻሉት፣ ቀጥሎ «ዝዝዝ» እስከቻሉት ይበሉ። «ስ» የሚወጣው በአየር ብቻ ነው፤ «ዝ» ግን አውታሮቹን ያንቀጠቅጣል። ጤነኛ ሰው ሁለቱን እኩል ያህል ጊዜ ያቆያል። «ስ»ን 20 ሰከንድ ቆይቶ «ዝ»ን 10 ሰከንድ ብቻ ከቻለ ሳንባው ደህና ነው፣ ችግሩ አውታሮቹ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በስሌት «ስ» ለ«ዝ» ሲካፈል ከ1.4 በላይ ከሆነ ሐኪሙ ይጠረጥራል። ይህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። በሰዓት ለክቶ «ደህና ነኝ» ብሎ ሐኪም ሳያዩ መቅረት አይገባም።

4ኛ. አንገትንና አፍን መመርመር

ሐኪሙ አንገትን በእጁ ዳብሶ እንቅርት ወይም ያበጠ ንፍፊት መኖሩን ያያል። አፍንና ጉሮሮን በባትሪ ይመለከታል። ነገር ግን አፍ ከፍቶ በባትሪ በማየት ብቻ የድምፅ አውታር አይታይም። አውታሮቹ ከምላስ ሥር ወደ ታች ናቸው። «ጉሮሮህን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የተባለ ሰው አውታሩ ታየ ማለት አይደለም።

5ኛ. አውታሮቹን ማየት

ዋናው ምርመራ ይህ ነው። በሰው ውስጥ የራሱን አውታር አጥርቶ በማየቱ የሚታወቀው ሰው ሐኪም አልነበረም። ማኑኤል ጋርሲያ የሚባል ስፔናዊ የዘፈን አስተማሪ ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ የገዛ አውታሮቹን ሲንቀሳቀሱ ተመለከተ።

ይህ የመስተዋት ምርመራ ዛሬም ይሠራበታል። ሐኪሙ ምላስዎን በጋዝ ይይዝና መስተዋቱን ወደ እንጥል አስጠግቶ «ኢኢኢ» ይበሉ ይላል። ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ በአፍ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይረዳል። በትላልቅ ሆስፒታሎች ደግሞ ላሪንጎስኮፕ የሚባል፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ በኩል ይገባል። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሊረጭ ይችላል። ደስ አይልም፣ ዓይን ያስነባል፣ ነገር ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። ስትሮቦስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ዝግ ብሎ እንዲታይ ያደርገዋል። በዚህም ትንሽ ጠባሳ እንኳ ይለያል።

6ኛ. ተጨማሪ ምርመራ

በታየው ነገር መሠረት የአክታ ምርመራ፣ የደረት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል። የሚያጠራጥር ቁስል ካለ ትንሽ የሥጋ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ናሙና መውሰድ ካንሰርን ያሰራጫል የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም። በአውታሩ ላይ ብቻ ያለ የማንቁርት ካንሰር በጊዜ ከተገኘ ከ10 ታማሚዎች 8ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚድኑበት ነው። ሲዘገይ ግን ማንቁርትን እስከማውጣት ያደርሳል።

ወቅቱንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራ የነበረው የካርቱም የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲጀመር አገልግሎቱ ተቋርጧል። ብዙ ታማሚዎችም ሕክምናቸውን በመካከል ትተው ከከተማዋ ወጥተዋል። ሩቅ መሄድ ግድ በሆነበት ጊዜ እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት ዋጋ አለው። ስለዚህ ጥርጣሬውን እዚሁ በጊዜ ማንሣት የእኛ ድርሻ ነው።

7ኛ. በኑሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት

ሐኪሞች ይህንንም ይለካሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ 30 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ሰዎች ድምፅዎን ለመስማት ይቸገራሉ? በድምፅዎ ምክንያት ከሰው ይርቃሉ? ገቢዎ ቀንሷል? የሚሉ ይገኙበታል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እብጠት ሊኖራቸው ይችላል። ለአንዱ ምንም አይመስለውም፣ ለመምህሩ ግን እንጀራው ነው። ያቺ እኅታችን ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ብትጠየቅ ኖሮ ስለ እናቷ ስልክ ሳይሆን ስለ ሥራዋ ነበር የምትነግረኝ፤ ደንበኞቿ ሳሏን ፈርተው ሸሽተዋት ነበርና። እኔም ስለ ሳሏ በጊዜ እሰማ ነበር።

መቼ ወደ ክሊኒክ ልምጣ?

ከጉንፋን ጋር የመጣ የድምፅ መዘጋት ሌላ ምልክት ከሌለው እቤት መጠበቅ ይቻላል። አራት ሳምንት ካለፈው ግን አውታሮቹ በመሣሪያ መታየት አለባቸው። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከዚህ በታች ያሉት ካሉ አራት ሳምንት መጠበቅ አይገባም፤ ቶሎ ይምጡ፦

– ደም የቀላቀለ አክታ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የማታ ላብ፤
– የመዋጥ ችግር፣ ወይም ጉሮሮ ታምሞ ሕመሙ ወደ ጆሮ ሲሰማ፤
– በአንገት ላይ የወጣ እብጠት፤
– ከቀዶ ሕክምና፣ ከመተንፈሻ ቱቦ ወይም በአንገት ላይ ከደረሰ ጉዳት በኋላ የመጣ መዘጋት፤
– የሚያጨስ ሰው ድምፅ ያለ ጉንፋን ሲለወጥ።

የሚከተሉት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው የሚያስመጡ ናቸው፦

– ሲተነፍሱ እንደ ፉጨት ወይም እንደ ጩኸት ያለ ድምፅ፣ ትንፋሽ ማጠር፤
– ምራቅ መዋጥ አቅቶት የሚያዝረከርክ ሰው፤
– ትኩሳት ያለው ሕፃን አንገቱ አብጦ ወይም በጉሮሮው ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ሽፋን ታይቶ ድምፁ ሲዘጋ፤
– ደህና ሲጫወት የነበረ ሕፃን በድንገት ትን ብሎት ድምፁ ሲለወጥ። በሱዳን ኦቾሎኒና የሐብሐብ ፍሬ በየቤቱ ስለሚበላ ትንንሽ ልጆች ወደ አየር ቧንቧቸው ያስገቡታል። በጣትዎ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የማይጠቅሙና የሚጎዱ ነገሮች

እንጥል ማስቆረጥ ለድምፅ መዘጋት መድኃኒት አይደለም። እንጥል ከአውታሮቹ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መቆረጡ ግን ደም መፍሰስንና ቁስለትን ያመጣል። ጉሮሮው ሳይታይ ዴክሳሜታዞን መርፌ መወጋትም ልክ አይደለም። ለጥቂት ቀን ድምፅን ቢከፍትም ዋናውን በሽታ ይሸፍናል፤ ቲቢ ካለም ሊያባብሰው ይችላል። ማርና ዝንጅብል ያለው ሻይ ለጉሮሮ ምቾት ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

የሚረዱት ቀላል ነገሮች ናቸው። ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ ማጨስ ማቆም፣ ከጩኸት ማረፍ፣ ጉሮሮን በኃይል አለመጥረግ። በሹክሹክታ ማውራት ድምፅን ያሳርፋል ብለን እናስባለን፣ ነገር ግን ብዙ ሰዎች ሲያንሾካሹኩ ጉሯቸውን ይበልጥ ያስጨንቃሉ። ዝግ ባለ በተለመደ ድምፅ መናገር ይሻላል። ሻይ የሚሸጡ እኅቶቻችን ከሰሉን ሲያቀጣጥሉ ነፋሱ ጭሱን ከፊታቸው በሚወስድበት በኩል ቢቀመጡ ይጠቅማቸዋል።

ለበጎ ፈቃደኞች

ቤት ለቤት ስትዞሩ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ድምፅዎ ከተዘጋ ስንት ሳምንት ሆነው? ሳል አለ? ክብደት ቀንሰዋል? መልሱን ጽፋችሁ ከታማሚው ጋር ወደ ክሊኒክ ላኩት። ቲቢ የተጠረጠረበትን ሰው ስም በቧንቧ ወረፋ ላይ አታንሡ፤ ወሬ የፈራ ሰው ይደበቃል እንጂ አይመረመርም። ሕክምናው በነፃ እንደሆነ ንገሩት።

ከካምፕ ውጭ ሱዳናዊ ሐኪም ዘንድ የሚላክ ሰው ዐረብኛ የማይችል ከሆነ ይህን ያጥና፦ «ሶቲ መብሑሕ ሚን ሸህር» ማለት «ድምፄ ከተሻከረ ወር ሆነው» ማለት ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም ደግሞ «ዱክቱር አንፍ ወ ኡዙን ወ ሐንጀራ» ይባላል። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአስም መርጫም ቢሆን፣ ይዞ ይሂድ።

በስደት ላይ ያለ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር የሚገናኘው በድምፁ ነው። ስለዚህ ከጎረቤታችሁ መካከል ድምፁ ተዘግቶ አራት ሳምንት ያለፈው ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፤ ነገ ጠዋትም ይዛችሁት ኑ።

መልካም ጤንነት!